ስለ ጉንጃ ፍሬ፦ «ጉዳት የለውም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«የህንዱ የወርቅ ፍሬ» የሚል ርዕስ ይዞ በአማርኛ እየተዘዋወረ ያለ አንድ ጽሑፍ ጉንጃ ስለሚባለው ሐረግ ብዙ ይላል። ጉንጃ ከጋንጃ፣ ማለትም ከሐሺሽ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ከባቄላና ከአተር ወገን ሆኖ በቁጥቋጦና በዛፍ ላይ እየተጠመጠመ የሚያድግ ተክል ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት አብሩስ ፕሪካቶሪየስ ይሉታል፤ በሂንዲ ራቲ፣ በታሚል ኩንዱማኒ፣ በማላያላም ኩኒኩሩ፣ በቴሉጉ ጉሩቪንዳ ይባላል። ፍሬው ከአተር ያንሳል፤ ደማቅ ቀይና የሚያብረቀርቅ ሲሆን አንድ ጫፉ ጥቁር ነው።

ጽሑፉ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው። ፍሬዎቹ ሁሉ እኩል ስለሚመዝኑ የወርቅ ሚዛን ሆኑ። በህንድ ቤተ መቅደስ ሕፃናት ስለሚጫወቱባቸው ጉዳት የላቸውም። «መርዝ ነው» የሚለው ወሬ የፈረንጅ ፈጠራ ነው። ቅጠሉና ሥሩ ጣፋጭ ስለሆነ ተክሉ በሙሉ መድኃኒት ነው። ፍሬውን በወተት ቀቅሎ ፍሬውንም ወተቱንም መውሰድ ለቁርጥማትና ለወንድ ጉልበት ይበጃል። የተዘፈዘፈበት ውሃ የታመመ ዓይን ያድናል። ሆድ ቢያውክ ደግሞ ወተት ጠጥቶ ማደር ይበቃል።

ከእነዚህ ውስጥ ግማሽ እውነት ያለባቸው አሉ፤ አንባቢን የሚያሳስቱትም እነሱ ናቸው። የጽሑፉ ስሕተት ከሞላ ጎደል ከአንድ ቦታ ይመነጫል። ያልተሰበረው ፍሬ የሚያሳየውን ጠባይ ወስዶ ለተበሳው፣ ለተፈጨውና ለተዘፈዘፈው ሰጥቶታል። በጉንጃ ላይ ግን ዋናው ጥያቄ ቅርፊቱ ተሰብሯል ወይስ አልተሰበረም የሚለው ነው።

ከሚዛኑ እንጀምር። ራቲ የሚባል ሚዛን መኖሩ እውነት ነው። 8 ራቲ 1 ማሻ፣ 12 ማሻ ደግሞ 1 ቶላ ስለሆነ፣ አንድ ቶላ 96 ራቲ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1833 ቶላን 180 ግሬን፣ ማለትም 11.66 ግራም አድርገው ሲደነግጉ ራቲም 0.1215 ግራም ገደማ ላይ ጸናች። በዱባይ የወርቅ ገበያ የሚታወቀው ባለ 10 ቶላ ጥፍጥፍ ወርቅ 116.6 ግራም የሆነው ከዚሁ የተነሣ ነው። ፍሬዎቹ ግን እኩል አይደሉም። ከሐረግ ሐረግ፣ ከአንዱ ከረጢት ውስጥ እንኳ ትልቅና ትንሽ ይገኛል። አንጥረኛው እኩል የሆኑትን እያመሳከረ ይመርጥ ነበር። ፍሬው ለሚዛን የተመረጠበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ጠንካራው ቅርፊቱ እርጥበት በቀላሉ ስለማያስገባ ያው አንዱ ፍሬ በክረምትም በበጋም ክብደቱን ይጠብቃል። ጽሑፉ ያልነገረን አንድ ጠቃሚ ነገርም አለ። የከበረ ድንጋይ ሻጮች የሚጠቀሙበት «ፓኪ ራቲ» የአንጥረኛው ራቲ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም 0.182 ግራም ወይም 0.91 ካራት ነው። «5 ራቲ» የተባለ ድንጋይ በአንዱ 4.55 ካራት፣ በሌላው 3 ካራት ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ገዢ በየትኛው ራቲ እንደሚሸጥለት ጠይቆ፣ በግራም አስመዝኖ ይግዛ።

ወደ ቤተ መቅደሱ እንምጣ። ጽሑፉ በደቡብ ህንድ፣ በኬረላ የሚገኘውን የጉሩቫዩር ቤተ መቅደስ ይጠቅሳል። እዚያ በትልቅ የነሐስ ዕቃ ቀይ ፍሬ ተሞልቶ ይቀመጣል፤ ሕፃናት እጃቸውን ነክረው እየዘገኑ መልሰው ያፈሳሉ። በአፈ ታሪኩ አንዲት ድሃ ሴት ለሂንዱዎች አምላክ ለክሪሽና ልታቀርብ ከሩቅ አገር ይዛው የመጣችው ፍሬ ግን ማንጃዲ ነው። ማንጃዲ የሌላ ትልቅ ዛፍ ፍሬ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ቀይ፣ ጠፍጣፋና መሐሉ ያበጠ ሲሆን ጥቁር ነጥብ የለበትም፤ አብሪን የሚባለው የጉንጃ መርዝም የለበትም። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ፤ ጽሑፉም አምታቷቸዋል። ደግሞ በዕቃው ውስጥ ያለው ጉንጃ ቢሆን እንኳ፣ ደህና ቅርፊት ያለውን ፍሬ በእጅ መዝገን አይመርዝም። «የነካው ይሞታል» የሚሉም ስላሉ ይህን አጥብቀን እንናገራለን። ክሪሽና በጉንጃ አክሊልና ሐብል ተጊጦ መሣሉም እውነት ነው። ይህ ሁሉ ስለ ሙሉ ፍሬ የሚነገር ነው። አንድ ሕፃን ፍሬውን ሳያኝክ ቢውጠው ብዙ ጊዜ ሳይፈጭ በሰገራ ይወጣል፤ ካኘከው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

«መርዝነቱ የፈረንጅ ፈጠራ ነው» የሚለው ከሁሉ የሚያስገርመው ነው፤ የሚቃወመው የህንድን የራሷን ዕውቀት ነውና። ጥንታዊው የህንድ የሕክምና መጽሐፍ ሱሽሩታ ሳምሂታ ጉንጃን ከስምንቱ የሥር መርዞች አንዱ አድርጎ ይቆጥራል። ከዚያ በኋላ የመጡት የአዩርቬዳ፣ ማለትም የህንድ ባህላዊ ሕክምና መጻሕፍት «ኡፓቪሻ» ከሚሏቸው ሁለተኛ ደረጃ መርዞች ጋር፣ ከኦፒየምና ከዳቱራ ጎን አስቀምጠውታል። ዛሬም በህንድ እ.ኤ.አ. በ1945 በወጣው የመድኃኒት ደንብ ውስጥ መርዛማ የባህል መድኃኒቶች በተዘረዘሩበት ክፍል የጉንጃ ፍሬ አለ፤ ይህ የገባበት የሚዋጥ መድኃኒት «በሐኪም ክትትል ብቻ የሚወሰድ» የሚል ማስጠንቀቂያ ሊለጠፍበት ግድ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ህንድ ውስጥ ለቆዳው ሲሉ የሰው ከብት የሚገድሉ ወንጀለኞች ሱታሪ የሚባል ከዚህ ፍሬ የተሠራ ሹል ነገር ይጠቀሙ ነበር፤ ከብቱ ከቀናት በኋላ ሲሞት እባብ የነደፈው ይመስላል። የገበሬው ሐዘን የፈረንጅ ተረት አልነበረም።

መርዙ እንዴት እንደሚሠራም ማወቅ ይገባል፤ ኋላ የምንለው ሁሉ ከዚህ ስለሚያያዝ። አብሪን ሁለት ሰንሰለት ያለው ፕሮቲን ነው። አንደኛው ሰንሰለት በሕዋስ ገጽ ላይ ካለ ጋላክቶስ የተባለ ስኳር ጋር ተጣብቆ መግቢያ ያበጃል። ሁለተኛው ወደ ውስጥ ገብቶ ፕሮቲን የሚመረትባቸውን ሪቦሶሞች ያበላሻል፤ አንዱን አበላሽቶ ስለማያልቅ ወደ ሌላው ይቀጥላል። ከጉሎ ፍሬ ውስጥ ያለው ሪሲን የቅርብ ዘመዱ ነው፤ አሠራራቸውም አንድ ነው። ሕዋሱ ወዲያው አይሞትም፤ የነበረው ፕሮቲን እስኪያልቅ ይቆያል። ስለዚህ ፍሬውን ያኘከ ሰው ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ደህና ሊመስል ይችላል። ቶሎ ቶሎ የሚታደሰው የአንጀት ውስጠኛ ገጽ ቀድሞ ይጎዳል፤ ማስታወክ፣ ቁርጠት፣ ከዚያ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይመጣል። ፈሳሽ ከሰውነት ሲያልቅ ደም ግፊት ይወርዳል፤ ጉበትና ኩላሊት ይጎዳሉ፤ የሚጥል መንቀጥቀጥም ሊከተል ይችላል።

ስለ ቅጠሉ ጽሑፉ የተወሰነ እውነት ይዟል። ቅጠሉ ይጣፍጣል፤ አብሩሶሳይድ የሚባሉ ከስኳር ብዙ እጥፍ የሚጣፍጡ ንጥረ ነገሮች አሉበት። ድምፃቸው የሰለለባቸው ሰዎች ቅጠሉን ሲያኝኩት ኖረዋል። በዚህ ጣዕሙ ነው «የህንድ ሊኮሪስ» የተባለው። ግን ዓረቦች ኢርቅ ሱስ ብለው የሚጠጡት እውነተኛው ሊኮሪስ የሌላ ተክል ሥር ነው፤ የጉንጃን ሥር በእሱ ፋንታ መቀቀል ሱሽሩታ መርዝ ያለውን መጠጣት ነው። ቅጠል የሚሰበስብ ሰው ደግሞ ከሐረጉ ጋር የደረቁ ከረጢቶች አብረው እንደሚመጡ ይወቅ። ከረጢቱ ሲፈነዳ ፍሬዎቹ ወዲያው ስለማይረግፉ ከተሰበሰበው ቅጠል ጋር ተደባልቀው ሊፈጩ ይችላሉ። (ስለ ቅጠሉ ብዙ ተብሏል። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የቪየናው ጆሴፍ ኖቫክ ቅጠሎቹ ሲታጠፉና ሲዘረጉ አይቶ የአየር ጠባይንና የመሬት መንቀጥቀጥን ይተነብያሉ ብሎ ነበር። በለንደን የኪው የዕፅዋት ማዕከል ተፈትኖ የታየው ግን ቅጠሎቹ ለብርሃንና ለሙቀት ምላሽ የሚሰጡ መሆናቸው ብቻ ነው።)

አሁን ወደ ወተቱ። ጽሑፉ «በወተት ሲቀቀል መርዙ ይጠፋል፣ ፍሬውም ወተቱም ይወሰዳል» ይላል። ይህ ሾዳና ከሚባለው የአዩርቬዳ የማጥሪያ ሥርዓት ተቆንጽሎ የተወሰደ ነው፤ የተቆረጠው ክፍል ግን ዋናው ክፍል ነው። በሥርዓቱ ፍሬው መጀመሪያ ይሰበርና ቅርፊቱ ይወገዳል። በጨርቅ ይቋጠርና በማሰሮው አፍ ላይ ከተጋደመ እንጨት ይንጠለጠላል፤ የማሰሮውን ቂጥ መንካት የለበትም፣ ካረፈ ያርራል፣ ሙቀቱም እኩል አይሆንም። ለሦስት ሰዓት ያህል በላም ወተት ወይም በኮመጠጠ የሩዝ ውሃ ይቀቀላል። ከዚያ ፍሬው በሙቅ ውሃ ታጥቦ ይደርቃል፤ ወተቱ ይደፋል። መርዙ ሊወጣበት የሚችለውን ፈሳሽ ጽሑፉ ጠጡት ይላል።

ሙቀት አብሪንን እንደሚያበላሽ አንክድም። በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለግማሽ ሰዓት ቢቆይ ኃይሉን ይጠብቃል፤ በ80 ዲግሪ ግን በዚያው ጊዜ አብዛኛውን ያጣል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ቢፈላም ከ80 ይበልጣል። ታዲያ ችግሩ የት ነው? አንደኛ፣ ይህ ቁጥር በውሃ ውስጥ ለሟሟ አብሪን ነው። ቅርፊቱ ያልተሰበረ ፍሬ ውሃ አያስገባም፤ ደረቅ ፕሮቲን ደግሞ ከረጠበው ይልቅ ሙቀትን ይቋቋማል። ሙሉ ፍሬ ቀቅሎ «በስሏል» ብሎ ማኘክ ለዚህ ነው አደገኛ የሚሆነው። ሁለተኛ፣ ለመቀቀል ሲባል ጥሬውን መስበርና መውቀጥ ራሱ ብናኝ ያስነሳል። ሙቀጫው፣ ወንፊቱ፣ የበርበሬው መፍጫ ይበከላል፤ እጅ ላይ ቁስል ካለም መግቢያ ያገኛል። ሦስተኛ፣ መርዙ መጥፋቱን በቤት ውስጥ የሚያሳውቅ ምንም ምልክት የለም። ሽታው፣ ቀለሙ፣ ጣዕሙ አይናገርም። በፋብሪካ የሚሠሩ አዩርቬዳዊ መድኃኒቶች ቢያንስ የሚጠየቅ ባለቤትና የተለጠፈ ማስጠንቀቂያ አላቸው፤ የማጀቱ ድስት የለውም።

«ለወንድ ጉልበት» ስለተባለው አጭር መልስ እንሰጣለን፤ በአይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ያሳዩት ተቃራኒውን ነው። የፍሬው ጭማቂ የወንድ ዘርን ብዛትና እንቅስቃሴ ቀንሷል። ለፀጉር ይበጃል ተብሎም ይነገራል። በጉንጃ የተዘጋጀ ዘይት በህንድ ለራስ ቆዳ መሸጡ፣ ለላሽም መታዘዙ እውነት ነው። ጥንታዊው ዘዴ ግን ቆዳውን ጫር ጫር አድርጎ የፍሬውን ልቁጥ መቀባት ነበር። በተላጠ ቆዳ ላይ ጥሬ ልቁጥ ማድረግ ቅርፊት አልባውን መርዝ ወደ ደም መጋበዝ ነው። ማንም ቤቱ አይሞክረው።

ዓይንን በተመለከተ ዝም ብለን ማለፍ አንችልም፤ የምንጽፈው በአማርኛ ነውና። ትራኮማ፣ ማለትም የዓይን ማዝ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከየትም ዓለም ይልቅ ብዙ ሰው የሚያጠቃ የዓይን ሕመም ነው፤ «ውሃው ማዝን ያጠፋል» የሚል ምክር እዚያ ሲደርስ ዓይን ያጠፋል። ይህ ሕክምና በእርግጥ አንድ ጊዜ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1882 ፓሪስ የነበረው የዓይን ሐኪም ሉዊ ደ ቬከር በብራዚል ሕዝብ ዘንድ ይሠራበት የነበረውን የጉንጃ ውሃ ለትራኮማ ማዘዝ ጀመረ። ሐሳቡ ሕመሙን በሌላ ሕመም መምታት ነበር። ዓይኑ እጅግ አብጦ ሲቃጠልና መግል ሲይዝ፣ በብሌኑ ፊት ባለው ጥርት ያለ ገጽ፣ በኮርኒያው ላይ የወጣው የደም ሥር መረብ አብሮ ይሟሽሻል ተባለ። ለአንዳንዱ ሰው ቀለል ያለ ይመስል ነበር። ብግነቱን ግን የሚያዝዘው ሐኪም አልነበረም፤ መርዙ ነበር። ጠብታው ትንሽ ከበዛ ወይም ዓይኑ ከተዳከመ ኮርኒያው ይቆስላል፣ ይበሳል፣ ዓይኑ ይጠፋል። ዘዴው የተተወው ለዚህ ነው።

ጉዳቱ ከምን እንደሚመጣም በጊዜው ክርክር ነበር። የዓይን ሐኪሙ ሳትለር ፍሬው በተዘፈዘፈበት ውሃ ውስጥ ባክቴሪያ አግኝቻለሁ፣ አጥፊው እሱ ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ1884 በህንድ ካልካታ ዋርደንና ዋዴል የተባሉ ተመራማሪዎች መርዙ ከጀርም ሳይሆን ከፍሬው ከራሱ፣ ከፕሮቲኑ መሆኑን አሳዩ። ያ ለዛሬው አንባቢም ትርጉም አለው። ውሃውን አጣርቼዋለሁ፣ ንጹሕ ዕቃ ነው የተጠቀምኩት የሚል ሰው የሚያስወግደው ጀርሙን ነው፤ መርዙ በማጣራት አይወጣም።

ትራኮማን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ የሚገድለውም መድኃኒት አለ። አዚትሮማይሲን በኪሎ ክብደት 20 ሚሊግራም፣ ከ1 ግራም ሳይበልጥ፣ በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ለሕፃናት በቁመት ተለክቶ ሽሮፕ ይሰጣቸዋል፤ ከስድስት ወር በታች ላሉት የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ነው። በሽታው በበዛበት ወረዳ በዘመቻ በነፃ ይታደላል። የዓይን ፀጉሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን መፋቅ ከጀመረ ግን ጠብታም ክኒንም አይመልሰውም፤ የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል፣ ይህም በጤና ጣቢያ በሠለጠነ ባለሙያ የሚሠራ አጭር ሥራ ነው። ቀሪው ፊትን መታጠብ፣ ዝንብ የሚያራባውን ቆሻሻ ማስወገድና መጸዳጃ መጠቀም ነው። የጉንጃ ውሃ ዓይኑ ውስጥ የገባበት ሰው ቢኖር ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ይታጠብና ሳይውል ሳያድር ወደ ዓይን ሐኪም ይሂድ።

ጽሑፉ በአንድ ቦታ «በየቀኑ ትንሽ የሚወስድ ይለምደዋል» ይላል። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ፖል ኤርሊሽ እ.ኤ.አ. በ1891 አይጦችን በአብሪን ማላመድ እንደሚቻል ማሳየቱ እውነት ነው፤ ለበሽታ መከላከያ ሳይንስም ትልቅ መሠረት ጥሏል። እሱ ግን በሚዛን የተለካ መርዝ ይዞ ነበር። ከፍሬ ፍሬ የመርዙ መጠን በሚለያይበት፣ ማንም በማይለካበት ቤት «ትንሽ» የሚባል የለም።

ጌጡ ላይ ጽሑፉ ያለው «ሐብሉን ያለ ሥጋት ልበሱ» ነው። እኛ አትልበሱ እንላለን። ዶቃ ለመሆን ፍሬው መበሳት አለበት፤ ሲበሳ ደግሞ ያ ጠባቂ ቅርፊት ይከፈታል። በዚያ በኩል እርጥበትና ምራቅ ይገባል፤ አፉ ውስጥ የሚከት ሕፃን ሙሉ ፍሬ እንደዋጠ አይቆጠርም። የሚበሳው ሠራተኛም ብናኙን ይተነፍሳል፣ በመርፌው ሊወጋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ የሚገኘው ኤደን ፕሮጀክት የተባለ የዕፅዋት ማሳያ ከዚህ ፍሬ የተሠሩ አምባሮችን ሸጦ ካበቃ በኋላ ከገዢዎች እንዲመለሱለት ጠርቷል። ከህንድ፣ ከኬንያ ወይም ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ቀይና ጥቁር ዶቃ ያለው ሐብል፣ መቁጠሪያ ወይም ጸናጽል ቤቱ ያለ ሰው እምብርቱን፣ ማለትም ፍሬው ከከረጢቱ ጋር ተያይዞ የነበረበትን ጠባሳ ይፈልግ። እምብርቱ በጥቁሩ ክፍል ውስጥ ካለና ፍሬው ከ5 እስከ 8 ሚሊሜትር ከሆነ ጉንጃ ነው ብሎ ይያዘው። በመልክ የሚቀርበው የአገራችን ቆርችም እምብርቱ አካባቢ ጠቆር ይላል፤ ፍሬው ግን ይበልጣል። እሱም መርዝ አለው፤ የተለየ፣ ጡንቻን የሚያስር መርዝ ነው። ስለዚህ ቆርች ነው ብሎ ለሕፃን መስጠት መፍትሔ አይደለም። ሐብሉን አይፍጩት፣ አይውቀጡት፣ ክሩን ቆርጠው አይበትኑት፤ በሚዘጋ ከረጢት አሽገው ከሕፃናት ያርቁትና እጅዎን ይታጠቡ።

«ወተት ጠጥቶ ማደር» ስለሚለው የመጨረሻ ምክር ይህን እንላለን። ፍሬ አኝኮ የዋጠ ወይም አኝኮ ይሆናል ተብሎ የሚጠረጠር ሰው ምልክት እስኪታይበት አይጠበቅም፤ መርዙ እንደሚዘገይ ከላይ ተናግረናል። አፉን ያጉመጥምጥ፣ የተረፈውን ፍርፋሪ ያውጣ። ጣት ጉሮሮ ውስጥ ከትቶ ወይም ጨው ውሃ ጠጥቶ ማስታወክ አይገባም፤ የተጎዳ ጉሮሮን ያባብሳል፣ ወደ ሳንባም ሊገባ ይችላል። ስንት ፍሬ እንደጎደለ ይቆጠር፤ የቀረው ፍሬ ወይም ሐብሉ በከረጢት ተይዞ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። አክቲቬትድ ቻርኮል የሚባለው የሕክምና ከሰል ቶሎ ከተሰጠ ይረዳል፤ የምድጃ ከሰል ግን አያገለግልም። ማርከሻ የለውም። ዋናው ሕክምና በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ የጨዋማ ንጥረ ነገሮችን ማመጣጠንና የጉበት፣ የኩላሊት ምርመራ ነው። ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ በኩላሊት እጥበት አይወጣም። በጊዜ ሆስፒታል የደረሱ አብዛኞቹ ይድናሉ፤ የሚያድናቸውም ያለቀው ፈሳሽ በሰዓቱ መተካቱ ነው። ሕፃኑ ሙሉውን ፍሬ ሳያኝክ መዋጡ የተረጋገጠ ቢመስልም ሐኪም ይየው። በአሜሪካ የሚኖሩ 1-800-222-1222 ላይ ደውለው የመርዝ መረጃ ባለሙያ በማንኛውም ሰዓት ማነጋገር ይችላሉ፤ በሌላ አገር ያለ በየአገሩ የድንገተኛ ስልክ ይደውልና «አብሩስ» የሚለውን ስም ይንገር።